የደም ግፊት ያለበት ሰው ባለበት ቤት ወጥ መሥራት፦ ጨው ሲቀነስ ጣዕም እንዳይጠፋ

የደም ግፊት እንዳለበት የተነገረው ሰው ከሐኪም ቤት ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይገባል፤ የመድኃኒት ማዘዣና «ጨው ቀንስ» የሚል ምክር። መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ በማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይሰጠዋል። የጨው ምክር ግን እዚያው ላይ ይቆማል። ስንት ነው የሚቀነሰው? ከየትኛው ምግብ? ሌላው ቤተሰብስ ምን ይብላ? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ይመለከታል። የተዘጋጀው ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ድስቱ አጠገብ ለሚቆመውም ሰው ነው፤ በአብዛኛው ቤት ጨው የሚጨምረው ታማሚው ራሱ አይደለምና።

ጨው የደም ግፊትን እንዴት ይጨምራል?

ጨው ውስጥ ለደም ግፊት ዋናው ችግር ሶዲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ሶዲየም በደም ውስጥ ሲበዛ ሰውነት ውኃ ይይዛል። በደም ሥር ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ስለሚጨምር በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከፍ ይላል። ይህ ለዓመታት ሲቀጥል ልብን፣ ኩላሊትን፣ ዓይንንና የአንጎል ደም ሥሮችን ይጎዳል። ከባዱ ነገር አብዛኛው ሰው ምንም የሕመም ስሜት የማይሰማው መሆኑ ነው፤ «ደህና ነኝ እኮ» ብሎ ጨው የሚጨምረውም ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በደንብ አይሞላም። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም የሚመክረው ይህንኑ ልክ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተካሄደው ሰፊ ጥናት ግን አዋቂዎች በአማካይ በቀን ወደ 8 ግራም ገደማ እንደሚመገቡ አሳይቷል። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች በቀን 4 ግራም ያህል ጨው ቀንሰው ቢያንስ ለአራት ሳምንት ሲቆዩ የላይኛው የግፊት ቁጥር በአማካይ 5 ያህል እንደሚወርድ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ተመርምረው ታይቷል። መድኃኒትን አይተካም፤ መድኃኒቱ በደንብ እንዲሠራ ግን ያግዛል።

በቤትዎ ስንት ጨው እንደሚበላ ለማወቅ

ሚዛን አያስፈልግም። የጨው ፓኬቱን ሲከፍቱ ቀኑን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። በቤቱ አራት አዋቂዎች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው 5 ግራም ቢበሉ በቀን 20 ግራም ይሆናል፤ ባለ 1 ኪሎው ፓኬት 50 ቀን ይቆያል ማለት ነው። በርበሬው፣ ዳቦውና ውጭ የሚበላው ምግብ የራሳቸው ጨው ስላላቸው እንዲያውም ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። በአንድ ወር ካለቀ ግን በየድስቱ የሚገባው ጨው ብዙ ነው። ልጆች ካሉ የእነሱ ድርሻ ከአዋቂ ያነሰ ስለሆነ ፓኬቱ ከዚህም በላይ ሊቆይ ይገባል።

ጨው መቀነስ ማለት አዮዲን ያለውን ጨው መተው ማለት አይደለም። እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን ያስፈልጋል፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም ልጅ ባለበት ቤት። አዮዲን ያለውን ጨው ይግዙ፣ መጠኑን ይቀንሱ፣ በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩ።

ጨው የሚደበቅባቸው ምግቦች

እንጀራ በአብዛኛው ያለ ጨው ስለሚጋገር የገበታችን ትልቁ ክፍል ከዚህ ነፃ ነው። ዳቦ ግን ጨው አለው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው በርበሬ ነው። በርበሬ ሲዘጋጅ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከኮረሪማ ጋር ጨው ይገባበታል። የሽሮ ዱቄትም እንደዚሁ ሲዘጋጅ ጨው ሊገባበት ይችላል። ሚጥሚጣና አዋዜ ደግሞ ያለ ጨው አይታሰቡም። ስለዚህ ጨው ያለው በርበሬ ገብቶ፣ በላዩ ጨው ተጨምሮ፣ ገበታ ላይ ደግሞ ሚጥሚጣ ሲቀርብ አንድ ሰው በአንድ ምሳ ሦስት ጊዜ ጨው በላ ማለት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በርበሬ የሚያስፈጩ ከሆነ የእርስዎን ድርሻ ያለ ጨው ያዘጋጁ ወይም እንዲዘጋጅልዎት ይጠይቁ። በዚያ ፈንታ በደንብ ማድረቅና በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ በርበሬ ወይም ሽሮ የሚገዙ ከሆነ ወጡን መጀመሪያ ያለ ጨው ሠርተው ይቅመሱት። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው እርስዎ ከለመዱት እጅግ ያነሰ ሆኖ ያገኙታል።

የሾርባ ኪዩብ፣ ቋንጣ፣ ጨው ያለበት ቆሎ፣ የታሸገ ቲማቲም ድልህና ቺፕስም ብዙ ጨው አላቸው። ቡና በጨው የለመዱ አረጋውያን በቤቱ ካሉ ሲኒውንም መቁጠር ነው። አንድ ብዙ ሰው የማያስበውም አለ፤ ባቄላ ቶሎ እንዲበስል የሚጨመረው ሶዳ ራሱ ሶዲየም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥራጥሬ እዚህ ከቆላ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለው በዚህ ምክንያት ነው። ሶዳ ከመጨመር ሌሊቱን መዘፍዘፍ ወይም በፕሬሸር ድስት ማብሰል ይሻላል።

ሁለት ድስት ወይስ አንድ?

«ለአባባ ለብቻቸው ጨው የሌለው ይሠራላቸው» የሚለው ሐሳብ በቅንነት የሚመጣ ቢሆንም ብዙ አይዘልቅም። የሚሠራው ሰው በሳምንቱ ይሰለቻል። አባት ደግሞ ከቤተሰቡ ገበታ ተለይተው፣ አልጫ የሚመስል ነገር ብቻቸውን መብላት እንደ ቅጣት ይቆጥሩታል። በአገራችን ምግብ በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚበላ ስለሆነ ትሪ መለየት ማለት ሰው መለየት ነው። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ማንም ሳያይ ጨው ይነሰነሳል፣ ወይም ከሌላው ወጥ ይጠቀሳል።

ስለዚህ አንድ ድስት፣ ለሁሉም የተቀነሰ ጨው የተሻለ ነው። የደም ግፊት በዘር የመያዝ ዝንባሌ ስላለው ልጆቹም ይጠቀማሉ። በአንድ ቀን ግን አይቁረጡት። ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ቢሄዱ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ድሮ የሚጣፍጠው ወጥ ጨው የበዛበት ሆኖ ይሰማዎታል።

ሌላው ወሳኝ ነገር ጨው የሚጨምረው ሰው አንድ መሆኑ ነው። በብዙ ቤት እናት ትጨምራለች፣ ልጅ ቀምሳ «አነሰው» ብላ ትጨምራለች፣ ምግብ የምትሠራው ሠራተኛም እንዳይወቀስባት ትጨምራለች። በእፍኝና በጣት መጨመር ይቅር፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ዕቃው ውስጥ ይኑር፣ በዚያ ብቻ ይለካ። ምግብ የምትሠራልዎት ልጅ ካለች ነገሩን እንደ ትእዛዝ ሳይሆን ምክንያቱን አስረድተው ይንገሯት። «ወጡ አልጣመም» ተብላ የምትነቀፍ ከሆነ ጨው ልትቀንስ አትችልም።

ጣዕሙ ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ የእኛ ወጥ ቤት ከብዙዎች የታደለ ነው። የወጥ ጣዕም መሠረቱ ጨው አይደለም፤ ማቁላላት ነው። ጊዜ ሲያጥር ሽንኩርቱ በዘይት ቶሎ ይጠበስና የጎደለው ጣዕም በጨው ይሞላል። በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት ግን የራሱ ጣፋጭነት አለው።

ሽንኩርቱን በደቃቁ ይክተፉ። ድስቱ ላይ ዘይት ሳያደርጉ ብቻውን በመጠነኛ እሳት ያማስሉት። ውኃው አልቆ ድስቱን መያዝ ሲጀምር የፈላ ውኃ ጠብ ያድርጉበት፤ ይህን ደጋግመው ሽንኩርቱ እስኪልምና መልኩ ወደ ቡናማ እስኪያደላ 20 ደቂቃ ያህል ይታገሱት። ዘይቱን ከዚህ በኋላ ያስገቡ። በርበሬው ሲገባም ጥሬ ጥሬ እንዳይል እንዲሁ በጥቂት ውኃ እያማሰሉ 10 ደቂቃ ያህል ያብስሉት። በጥድፊያ የተሠራ በርበሬ ያቃጥላል እንጂ አይጣፍጥም፤ ሰው ደግሞ ያንን ለማስተካከል የሚሮጠው ወደ ጨው ነው።

ጊዜ ለሌለው ሰው፦ ቅዳሜ ወይም እሁድ 2 ወይም 3 ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ አቁላልተው፣ ጨው ሳይገባበት፣ ለአንድ ወጥ በሚበቃ መጠን እየከፋፈሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ። ለሁለትና ሦስት ቀን የሚሆነውን ፍሪጅ ውስጥ፣ የቀረውን በሚያረጋው ክፍል። ሥራ ውለው 1 ሰዓት ላይ ቤት ለሚገቡ ሰዎች ይህ አንድ ልማድ ብቻውን ከውጭ ምግብ ያድናል።

ከማቁላላት ቀጥሎ መከለሻ ነው። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቁንዶ በርበሬና ጥምዝ ያለ ጨው ተፈጭተው ወጡ ሊወርድ ሲል ሲነሰነሱ ሽታው ብቻ አፍን ይሞላል። ትኩስ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያም አሉ። ሎሚ ደግሞ ለብቻው መጠቀስ አለበት፤ ኮምጣጣ ነገር የጨውን ጉድለት ይሸፍናል። ሰላጣ ላይ፣ ጎመን ላይ፣ ቀይ ሥር ላይ ከጨው በፊት ሎሚ ጨምቀው ይቅመሱ። እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ወጡን ለብቻው በማንኪያ ሳይሆን በእንጀራ ጠቅልለው ቢቀምሱት ጨው የማነስ ስሜቱ ይቀንሳል።

ለምሳሌ ምስር ወጥ (ለአራት ሰው)

ሁለት የቡና ስኒ ሳይሆን ሁለት የሻይ ብርጭቆ ምስር ክክ፣ አራት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ ትልቅ ቲማቲም፣ አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል። ሽንኩርቱን ከላይ በተገለጸው መንገድ አቁላልተው ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን ያስገቡ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን፣ ቀጥሎም የተከተፈውን ቲማቲም ይጨምሩ። የታጠበውን ምስር ከፈላ ውኃ ጋር አስገብተው እስኪልም ያብስሉ። ሊወርድ ሲል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው ይጨምሩ፤ በርበሬው ጨው ያለው ከሆነ ከዚያም ይቀንሱ። መከለሻ ነስንሰው ከድነው 5 ደቂቃ ያሳርፉት። ከተጨመረው ጨው ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ከ1 ግራም ያነሰ ነው።

ይህን ሥርዓት የያዘ ሰው ነገ በምስሩ ፈንታ ዱባ፣ ከነገ ወዲያ ድፍን ምስር ወይም የተቀቀለ ሽምብራ ሊያደርግበት ይችላል።

«ዛሬ ምን ልሥራ?»

ጨው የቀነሰ ቤት ውስጥ ትልቁ ጠላት መሰልቸት ነው። በየቀኑ ያው ሽሮ፣ ያው ምስር ሲሆን ታማሚው «በሽታው ሳይሆን ምግቡ ገደለኝ» ማለት ይጀምራል። አዲስ ምግብ መፍጠር አያስፈልግም፤ የተረሱትን ማስታወስ ይበቃል። እናትዎን ወይም አክስትዎን ልጅ ሳሉ ምን ይበሉ እንደነበር ይጠይቋቸው። አብዛኛው መልስ ርካሽና ለጤና የሚስማማ ሆኖ ያገኙታል።

አዚፋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ድፍን ምስር ተቀቅሎ በመጠኑ ይፈጫል፤ ስናፍጭ፣ ሎሚ፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይገባበታል፤ ቀዝቅዞ ይበላል። ስናፍጩና ሎሚው ስለሚበረቱ ጨው ጠብ ባይልበትም ቅር አይልም። ሱፍ ፍትፍትም እንዲሁ ነው። አይብ በልማድ ያለ ጨው ስለሚሠራና ከአሬራ ስለሚወጣ ቅባቱም አነስተኛ ስለሆነ ከተቀቀለ ጎመን ጋር ቀላል እራት ይሆናል፤ ቅቤ በላዩ ካላፈሰሱበት። ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በእርድና በዝንጅብል፣ ፎሶሊያ በነጭ ሽንኩርት፣ ዓሣ በሎሚና በሮዝመሪ ተጋግሮ፣ ቂንጬ ከአትክልት ጋር፤ እነዚህን በማቀዝቀዣው በር ላይ በወረቀት ጽፎ መለጠፍ ድካም በያዘዎት ምሽት ያግዛል። ጉሊት ላይ በዚያ ሳምንት የረከሰውን አትክልት አይቶ መወሰንም ከሁሉ የቀለለ ዘዴ ነው።

ስለ ፍርፍር አንድ ነገር፦ የትናንት ወጥ ውኃው ተንኖ ሲያድር ጨውም ይጠነክራል። ፍርፍር ሲሠሩ ወጡን በውኃና በተከተፈ ቲማቲም አቅጥነው፣ ጨው ሳይጨምሩ ይሥሩት።

ስለ ዘይትና ቅቤ

የደም ግፊት ላለበት ሰው ጨው ብቻ አይደለም ጉዳዩ፤ ልብና የደም ሥርም ስላሉ የቅባት ዓይነትም ይታያል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር (የሚረጋ) ስብ ነው፤ ንጥር ቅቤ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የኑግ፣ የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት በአብዛኛው ፈሳሽ ስብ ስለሆኑ ይመረጣሉ። ዋጋቸው ከፍ ያለ መሆኑ እውነት ነው። ግን አራት ሰው ያለበት ቤት በወር 3 ሊትር ዘይት ቢጠቀም ለአንድ ሰው በቀን 25 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከ200 በላይ ካሎሪ ይደርሰዋል። በደረቁ በማቁላላት ዘይቱን በግማሽ ከቀነሱ የተሻለውን ዘይት መግዛት አይከብድም። ቅቤ ለበዓል ዶሮ ይቆይ፤ በዓል ላይ አትብሉ የሚል ሐኪም ብዙ ተሰሚነት የለውም።

ምሳ ውጭ ለሚበሉ

አትላስ፣ ቦሌ መድኃኔዓለምና ሀያ ሁለት አካባቢ የሚሠራ ሰው ምሳውን ከምግብ ቤት ወይም ከካፌ ሊያገኝ ይችላል፤ ቤት ውስጥ የተቀነሰው ጨው እዚያ ይመለሳል። የውጭ ምግብ ጨውን መቆጣጠር አይቻልም። የሚቻለው መምረጥ ነው፦ ከክትፎና ከጥብስ ይልቅ በየዓይነቱ፣ ሚጥሚጣና አዋዜውን ገለል ማድረግ፣ ሰላጣው ሎሚ ብቻ እንዲደረግበት ማዘዝ። በሳምንት ሦስት ቀን ምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። አንዳንድ ሰው በሥራ ቦታ ምሳ ዕቃ መክፈት ያፍራል፤ ከአንድ ባልደረባ ጋር ተነጋግሮ አብሮ መጀመር ይህን ያቀልላል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

የኩላሊት ሕመም ካለብዎት፣ ወይም ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን፣ ስፓይሮኖላክቶን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የሚወስዱ ከሆነ «ዝቅተኛ ሶዲየም» ተብሎ የሚሸጠውን ጨው ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጠቀሙ። በሶዲየሙ ምትክ ፖታሲየም ስለሚገባበት በደም ውስጥ ፖታሲየም ከልክ በላይ ከፍ እንዲልና የልብ ምት እንዲዛባ ሊያደርግ ይችላል። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች የሙዝ፣ የድንችና የጥራጥሬ መጠንም ሊገደብባቸው ስለሚችል በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱትን ምግቦች እንዳለ መውሰድ የለባቸውም።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመንና ቆስጣ መተው የለበትም፤ መጠኑን ግን ከሳምንት ሳምንት አለመለዋወጥ አለበት። በአንድ ጊዜ አብዝቶ መብላት የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል።

የስኳር ሕመም ተጨማሪ ያለበት ሰው የእንጀራውን መጠን ይቀንስ፣ የአትክልቱንና የጥራጥሬውን ድርሻ ያስፋ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው እስከ 9 ሰዓት መጾም ስኳሩን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል፤ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ማነጋገር ይገባዋል። ለታመመ ሰው ጾሙን ማቅለል የተለመደ ነው። የደም ግፊት መድኃኒትንም በጾም ምክንያት በራስዎ ማቋረጥ አይገባም፤ የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከል ይቻላልና ይጠይቁ።

ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ ወይም ሽፈራው ጀምረው መድኃኒታቸውን የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። እነዚህ እንደ ምግብ ቢበሉ ችግር ላይኖራቸው ይችላል፤ የመድኃኒት ምትክ ግን አይደሉም። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ከበፊቱ በላይ ሊወጣ ይችላል።

ሐኪም ዘንድ መቼ ይሂዱ?

ጨው መቀነስ ከጀመሩ በኋላ የደም ግፊትዎን በተመሳሳይ ሰዓት፣ 5 ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ እየለኩ ይመዝግቡ፤ ደብተሩንም በቀጠሮዎ ቀን ይዘው ይሂዱ። ሲነሡ የሚያዞርዎት ከሆነ ወይም ቁጥሩ ከተለመደው በጣም ከወረደ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላልና ቀጠሮውን አይጠብቁ።

ቁጥሩ 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የእይታ መደብዘዝ ካለ ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልጋል። የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የንግግር መንተባተብ ከታየ ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ጊዜ አያጥፉ። ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ወይም በአዲስ አበባ ወደ እሳትና አደጋ 939 ይደውሉ። ሕመምተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ በሚጓዙበት ጊዜም ምግብም ሆነ ውኃ በአፉ አይስጡት።